የብዙዬ መተኮሻ

ሰውን ለማመስገን ሞቱን መጠበቅ አልወድም። እንባ ከተራጨን በኋላ «ደግ ነበረች» ብንላት ምን ይረባታል? ብዙዬ ይኸው አለች፤ ትሰማኛለች፤ ካሻት ትቆጣኝ።

መካነ ሰላም የመጣችው ዘውዱ ሊወርድ አንድ ሐሙስ ሲቀረው፣ ባሏን ተከትላ ከደሴ ነው። ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤታሞች ነንና ዕቃዋን ከጭነት መኪናው ስታወርድ አይቻለሁ። ከሁሉም ያስገረመን የፀጉር መተኮሻዋ ነበር፤ እጀታው እንጨት፣ ጥርሱ ነሐስ የሆነ ማበጠሪያ። ከሰል ላይ ታሞቀውና ፀጉር ላይ ስታሳልፈው ከርዳዳው ተዘርግቶ ትከሻ ላይ ይተኛል። ወይ ጉድ! የነጋዴው ሚስት፣ የአስተማሪው ሚስት፣ ክርስቲያኑ፣ ሙስሊሙ፣ ለጥምቀትም ለኢድም ደጇን አጣበበው።

ባሏ ግን አልቆየላትም፤ በዚያው ክፉ የረሃብ ዓመት ተስቦ ወሰደባት። ድሮም ሻሽ ታስር ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ጥቁሩን ከራሷ አውርዳው አታውቅም። የሐዘን ነው ብለን ማንም አልጠየቃትም።

ግትርነቷ ደግሞ! እኛ አገር ቅቤ ለሁሉም መድኃኒት ነው፤ ራስ ሲያም ቅቤ፣ ፀሐይ ሲበረታ ቅቤ። ከፀሐይ ካዳነ ከጋለ ብረትማ እንዴት አያድን ብለን፣ አናታችን ላይ ለጋ ቅቤ ደፍተን እንሄድላት ነበር። «ልትጠበሺ ነው የመጣሽው? ሂጂ ታጠቢ!» ብላ ከደጅ ትመልሰናለች። እኔንም መልሳኛለች፤ ስንት ጊዜ ተኮራርፈናል። ታጥቦ ውኃው ጠብ ጠብ የሚለውንም አትነካም፤ እስኪደርቅ ፀሐይ ላይ ታስቀምጥሻለች። ከዚያ ከጫፉ ጀምራ ቀስ እያለች ትፈታዋለች። መተኮሻውን ከከሰሉ ስታነሣ በቀጥታ ወደ ፀጉር አትወስደውም፤ መጀመሪያ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ላይ ታሳርፈዋለች። ጨርቁ ቡኒ ካለ «ይብረድ» ብላ ትጠብቃለች። ከሥሩ ራቅ አድርጋ ታሳልፈዋለች፣ ያውም አንድ ጊዜ። «እንደገና ድገሚልኝ» ላለቻት ሁሉ መልሷ «ወር ቆይተሽ ነይ» ነው። ቅቤውን ፀጉርሽ ከቀዘቀዘ በኋላ ቤትሽ ሄደሽ ተቀቢ ትላለች። እያማናት እንሄዳለን፤ ወላሂ ነው የምላችሁ፣ በሷ እጅ የተቃጠለ ፀጉር አላየሁም።

እንደ ልጇ ያሳደገቻትን ሐረግን ያገኘቻት በረሃቡ ነው። ከአቀስታ በኩል እህል ፍለጋ ወደ ከተማችን ከገቡት ጋር የመጣች ናት፤ እናቷን መንገድ ላይ ቀብራ። መጠለያው ውስጥ ቅማል ስለበዛ ራሷን ላጭተዋት ነበር። ብዙዬ የመጨረሻ ዱቄቷን አጥሚት እየሠራች ለሰው ታድል ነበርና እዚያው አየቻት፤ እጇን ይዛ ቤቷ አስገባቻት። ልጅቷ ስጋ ስታወጣ ፀጉሯ አብሮ በቀለ፤ ግን ቀይ፣ ስስ፣ ሲያበጥሩት ማበጠሪያው ላይ የሚቀር ነበር። ብዙዬ በጣቷ ብቻ ነበር የምትፈታላት።

ከዚያ ለውጡ መጣ፤ የመሬት አዋጁ ታወጀ፤ ዘማች ተማሪዎች ከአዲስ አበባ መጡ። ከመሃላቸው የአንዷ የተተኮሰ ፀጉር ጀርባዋ ላይ ሲጫወት ሐረግ አይታ ዓይኗን መንቀል አቃታት። ባመቱ ፈንታሁን የሚባል፣ በአዋጁ መሬት የደረሰው የገበሬ ልጅ ሽማግሌ ላከባት። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ።

ሐረግን ጭንቀት የያዛት ያኔ ነው። የፈንታሁን እናት እትዬ ድንቅነሽ ኃይለኛ ናቸው ሲባል ሰምታለች፤ ሙሽራ ስትገባ ነጠላዋን ገልጠው ያያሉ ተባለ። «ይህን ጭራሮ ሲያዩ የረሃብ ትራፊ አመጣህብኝ ይሉታል። ይመልሱኛል!» እያለች ታለቅሳለች። እንዲተኮስላት ብትለምን ብትለምን ብዙዬ ወይ ፍንክች። «ገና አልጠናም፤ ይበጠሳል» ትላለች፤ በቃ።

በዋዜማው ብዙዬ የዳስ ጣዮቹን ልታይ ወጣ አለች። እኔ ጓሮ ሽንኩርት እልጣለሁ። የከሰሉ ሽታ ሲመጣብኝ ምንድነው ብዬ ብገባ፣ ሐረግ አናቷን በቅቤ አርሳ፣ ፍም ውስጥ የቀበረችውን መተኮሻ አቅልታ ወደ ራሷ ታነሣዋለች። «ኧረ በሥላሴ!» ብዬ ስጮኽ ብዙዬ ከኋላዬ ደርሳ ነጠቀቻት።

«አንቱማ እናቴ ቢሆኑ ኖሮ እንዲህ አይጨክኑብኝም ነበር!» አለች ሐረግ። «የሰውን ልጅ ሁሉ እያሳመሩ እኔን ለሠርጌ ከለከሉኝ!»

የብዙዬ ፊት ዐመድ መሰለ። እኔ እንኳ ልጅቷን በጥፊ ልላት ቃጥቶኝ ነበር። ብዙዬ ግን መተኮሻውን መሬት አስቀምጣ ሻሿን ፈታች።

የጌታ ያለህ! ከግንባሯ እስከ መሃል አናቷ የተጨማደደ ጠባሳ ነው፤ አንድ ፀጉር የለበትም። ሽበት የጀመረው ትንሽ ፀጉር ዳር ዳሩን ብቻ ከቦታል።

«ለባሌ ሐዘን መስሏችሁ ነበር አይደል?» አለች። «ደሴ ሰው ቤት ተቀጥሬ ሳለሁ፣ ያንቺን ዕድሜ ነበርኩ። ለጥምቀት ላምር ብዬ ቅቤ ተቀብቼ የእመቤቴን መተኮሻ አቅልቼ ጫንኩት። ቅቤው አናቴ ላይ ፈላ። ባሌ እንኳ በብርሃን አላየውም።»

ሐረግ እግሯ ላይ ወደቀች። ብዙዬ አላቀፈቻትም፤ እንዲያ ማድረግ አታውቅበትም። «ተነሺ፤ ውኃ አሙቂና ያን ቅቤ ታጠቢው» ብቻ አለቻት።

በማግስቱ ፀሐይ ላይ አስቀምጣ አደረቀችላት። መተኮሻውን ለብ እስኪል አበረደችው፤ ጨርቁ ላይ ሞከረችው፣ ደግማ የገዛ ክንዷ ላይ ሞከረችው፣ ከዚያ ጫፍ ጫፉን ብቻ ነካካችው። ፀጉሩ እንደ ዘማቿ አልተዘረጋም፤ ግን ለስልሶ ጆሮዋ ሥር ተኛ። ስትጨርስ ማበጠሪያውን ወደ ብርሃኑ አነሣችው፤ የተበጠሰ አልነበረበትም።

እኔ አማቷ ክፉ ቢናገሩ ልክ ልካቸውን ልነግራቸው ተዘጋጅቼ እስከ ሙሽራው ቤት ተከተልኩ። እትዬ ድንቅነሽ ነጠላውን ገለጡ። ቆይተው አዩ። ከዚያ የራሳቸውን ነጠላ ወደኋላ ሸርተት አደረጉት፤ በረሃቡ ለሞተችው ሴት ልጃቸው ሐዘን ራሳቸውን እስከዚያ ቀን እየተላጩ ነበር። «እንግዲህ አብረን እናሳድገዋለን፣ ልጄ» አሉና ግንባሯን ሳሟት። ስድብ አዘጋጅቼ የሄድኩት እኔ እልልታውን አቀለጥኩት።

ለመልሱ ሐረግና ባሏ ወደ ብዙዬ ቤት መጡ፤ ሌላ የእናት ቤት ወዴት አላትና። ከአማቷ የተሰጣትን ለጋ ቅቤ በቅል ይዛለች። ለወጥ መስሎኝ ልቀበላት ስል እምቢ አለችኝ። እንግዳው ወደ ዳሱ ወጣ እስኪል ጠበቀችና ብዙዬን ዱካ ላይ አስቀምጣ ሻሿን መፍታት ጀመረች። ብዙዬ እጇን ያዘቻት።

«ሰው አለ» አለች፤ እኔን ማለቷ ነው።

«ንግሥቴ አይታዋለች። ዝም ብለሽ ተቀመጪ፣ እማዬ» አለች ሐረግ።

ብዙዬ እጇን ለቀቀች። ልጅቷ ቅቤውን መዳፏ ላይ አሟሙታ ጠባሳውን ሁሉ፣ ዳር ዳር ያለውን ሽበትም ቀስ ብላ ቀባቻት። ከደሴ ወዲህ ያን አናት የሰው እጅ ነክቶት አያውቅም። ባሏ ሲቀበር እንኳ ሰው ፊት ያላለቀሰችው ብዙዬ፣ እንባዋ አገጯ ላይ እየወረደ፣ «አታብዢው፤ ቀሚሴን ታበላሺዋለሽ» ትላታለች።