አክስቴ ለማን ይነሣሉ?

በደርግ ጊዜ ነው። ዳሌያቸው ተሰብሮ ደብረ ታቦር ሆስፒታል የከረሙትን አክስቴን እኔ ቤት አምጥቼ አስታምም ጀመር። ነርሱ «በየቀኑ ተነሥተው ይቁሙ፤ አለዚያ እግራቸው ደርቆ ይቀራል» ብሎኛል። አክስቴ ግን አልጋቸውን የሙጥኝ አሉ። ብለምንም ብቆጣም መልሳቸው «ተወኝ፣ አርፌ ልሙትበት» ነው።

አንድ ቀን የንስሐ አባታቸው ሊጠይቋቸው መጡ። ገና በበሩ ሲዘልቁ አክስቴ «ኖር» ብለው፣ የአልጋውን ራስጌ ይዘው ቆሙ። ቄሱ «በእግዜር፣ በእግዜር፣ ይቀመጡ» ሲሉ እኔ ጠጋ ብዬ፣ «አባ፣ እባክዎ ወጥተው እንደገና ይግቡ» አልኋቸው።

ያበድሁ መስሏቸው አፈጠጡብኝ። ደጅ ወስጄ ሳስረዳቸው ግን ሳቃቸው መጣ። ከዚያ ወዲያ ከቅዳሴ መልስ ጎራ ይሉና ጭራዬን ረሳሁ፣ ዣንጥላዬን ረሳሁ እያሉ ይወጣሉ፣ ይገባሉ። በገቡ ቁጥር አክስቴ ይነሣሉ።

ለፋሲካ አክስቴ በእግራቸው ሄደው ቤተ ክርስቲያን ተሳልመው መጡ። ገና አረፍ ከማለታቸው የቀበሌው ሊቀ መንበር ሽጉጡን ታጥቆ ለስብሰባ ሊጠራን ገባ። ሁላችንም ኖር ብለን ተነሣን። አክስቴ ከተቀመጡበት ንቅንቅ ሳይሉ፣

«አይ ልጄ፣ እኔ እንኳ እግሬን ታምሜያለሁ» አሉት።