ሰባተኛው ዕጣ

ከሁሉ በፊት ማን እንደሆንኩ ልናገር። ተወልጄ ያደግሁት በወገራ ደጋ ነው። ፊደል ያስቆጠረኝ መምህር የለም። የአጎቴ ሚስት የቤቷን ግድግዳ በጋዜጣ ለጥፋው ነበርና ከዚያ ጭስ ካጠቆረው ወረቀት ፊት ቆሜ፣ የገባ የወጣውን ሁሉ «ይህ ማን ይባላል?» እያልኩ በቀን አንድ ፊደል እየለመንኩ ራሴን አስተማርኩ። ግማሹ ጋዜጣ ተዘቅዝቆ የተለጠፈ ስለነበር እስከ ዛሬ የተዘቀዘቀ ጽሑፍ እንደ ቀናው አድርጌ አነባለሁ። ይህን የሚችል ባለዲግሪ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ በአገሬ ትውልድ በመቁጠር የሚስተካከለኝ አልነበረም። ያን ጊዜ መሬት የሚገኘው በዘር ነው። ርስት እካፈላለሁ የሚል ሰው አገሩን መጀመሪያ ካቀናው አባት ተነሥቶ፣ እገሌ እገሌን ወለደ፣ እገሌ እገሊትን ወለደ እያለ እስከ ራሱ ድረስ መቁጠር አለበት። በወንድም በሴትም ይወረዳል። እኔ አሥራ አራት ትውልድ ከነቅርንጫፉ በቃሌ እወርድ ነበር። ዳኛው እኔ እስክደርስ ችሎቱን ያቆየው ነበር። ሌሎች ቆጣሪዎች ልጆቹን ይቆጥራሉ፤ እኔ አስቀድሜ መሬቱን በእግሬ እዞርና ዕጣውን እቆጥራለሁ። ሰባት ዕጣ መሬት ካለና ስድስት ልጅ ከተጠራ፣ አንድ ሰው ተበልቷል ማለት ነው። ይህን ዘዴ ያስተማረኝ የለም፤ ራሴ ያወጣሁት ነው።

በዚሁ ዕውቀቴ የሠራሁትን ክፉ ሥራም እዚህ ልጻፈው። አባቴ ከእናቴ ውጭ የወለዳት አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው። ከኔ በአራት ዓመት ታንሳለች። ወደ ሳንጃ ተድራ ወርዳ ነበርና አባታችን ሲሞት ድርሻዬን ብላ መጣች። እኔ ዳኛና ሽማግሌ በተቀመጠበት ቆሜ፣ አባቴ ሁለት ወንዶች እንጂ ሴት አልወለደም፣ እናቷ ከሌላ ፀንሳ ነው የመጣችው ብዬ ወንጌል መትቼ ማልኩ። ታናሽ ወንድሜ አቀርቅሮ ዝም አለ። ሦስት ዕጣ የነበረውን ለሁለት ተካፈልነው። አምስት ዓመት ሳይሞላ ደርግ መጣና መሬቱን ሁሉ ወሰደው። እኔ በአንድ አዋጅ መሬቴንም ሙያዬንም አጣሁ። እሷ ግን ያጣችው አባት ነው፤ አባት ደግሞ በአዋጅ አይመለስም።

ከዚያ ወደ ጎንደር ወርጄ አራዳ ውስጥ ጃንጥላ ዘርግቼ ማመልከቻ ጸሐፊ ሆንኩ። በዚህም ስመ ጥር ነበርኩ። ኢሕአዴግ በገባ በሁለተኛው ዓመት አንድ ቀን ቀና ስል እኅቴ ጠረጴዛዬ ፊት ቆማለች። ፀጉሯ ሸብቷል።

«አያ፣ አወቅኸኝ?»

«ማመልከቻ ነው?» አልኳት፣ እያወቅኋት።

«አዎ። የሚጻፈው ግን ላንተ ነው።» ሳልጋብዛት ተቀመጠች። «መሬቱ የመንግሥት ሆኗል፤ እሱን ተወው። ልጆቼ ለጋብቻ እየደረሱ ነው። ሰባት ቤት ቁጠሩ ሲባሉ በኔ በኩል ይቆምባቸዋል፤ እናታችሁ የማን ናት ይሏቸዋል። ሰው በተሰበሰበበት የአባቴ ልጅ ናት ብለህ ቁጠረኝ። ሌላ ነገር አልፈልግም።»

«ወንጌል የተመታበት ነገር አይመለስም።»

«ምነው አያ! ወንጌሉን የመታኸው አንተ፣ የተመታሁት እኔ» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ሄደች።

ምሳዬን ይዛ የመጣችው ሴት ልጄ ያን ጊዜ ስምንት ዓመቷ ነበር። «አባዬ፣ ማን ናት?» ስትለኝ፣ «የሳንጃ ባለጉዳይ ናት» አልኳት። ነገሩ በዚሁ ተዳፍኖ ሃያ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

ልጄ አድጋ እዚያው አራዳ የኮምፒውተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ከፈተች። በእጅ የተጻፈ ማመልከቻ አንቀበልም ማለት ተጀምሮ ነበርና እኔም ጃንጥላዬን አጥፌ እሷ ቤት ገባሁ። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትመታለች። ባለጉዳይ ሲጠፋ ደግሞ ጨዋታ ትከፍታለች። ከጓደኛዋ በፍላሽ የገለበጠችው ነው።

ጨዋታው እንዲህ ነው። ባሕር የዋጠው አንድ አገር አለ። ተጫዋቹ ሰይፍ ይዞ በፍርስራሹ ውስጥ ይዞራል፣ አውሬ ይገድላል። የአገሩን ታሪክ ግን የሚተርክለት የለም። አንዱ ቃል ከመቃብር ድንጋይ፣ አንዱ ከሰይፍ እጀታ፣ አንዱ ከሞተ ወታደር ኪስ ይገኛል። ይህን እየለቃቀሙ ጥንት ምን ሆኖ ነበር እያሉ የሚከራከሩ ሰዎች ከየአገሩ በኢንተርኔት ይገናኛሉ። ልጄም አንዷ ነበረች።

«ይህ ሁሉ ድካም ላልነበረ ንጉሥ ነው?» አልኳት።

«አንተ የምትቆጥራቸው አሥራ አራቱ እንደነበሩ በምን ታውቃለህ?» አለችኝ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ወንበሬን አስጠጋሁ።

ሁሉንም ያስቸገራቸው ጥያቄ አንድ ነበር። እሳትን ከሰማይ ያወረደው የመጀመሪያው ንጉሥ አገሩን ለልጆቹ አካፈለ ይላል። በቤተ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ስድስት ልጆች ከነዙፋናቸው ተቀርጸዋል። በካርታው ላይ ግን አገሩ ሰባት ነው። ሰባተኛው፣ ረግረግ ያለበት ዳርቻ፣ ጌታ የለውም። አንዱ የአጋንንት ድርሻ ነው ይላል። አንዱ ገና ላልተወለደ አምላክ የተቀመጠ ነው ይላል። አንዱ ደግሞ ሰባተኛው ልጅ ራሱ ተጫዋቹ ነው ብሎ ረጅም ሐተታ ጽፏል። ልጄ ሁሉንም በአማርኛ እየመለሰች ታነብልኝ ነበር።

«ድንበሩን አሳዪኝ» አልኳት።

«አባዬ፣ እዚያ የሚኬደው አውሬ ተገድሎ ነው።»

«አውሬውን ተይው። ሽሺና ድንበሩን ይዘሽ ዙሪ።»

ሦስት ቀን አዞርኳት። እኔ ድንጋይ ልይ ስል እሷ ስንት ጊዜ ሞተች! «ሌላው ሰው ለዘንዶ ይሞታል፣ እኔ ለወሰን ድንጋይ» እያለች ትስቃለች። በመጨረሻም አየሁት። በስድስቱ አገሮች ወሰን ላይ የቆመው ድንጋይና በሰባተኛው ላይ የቆመው አንድ ዓይነት ነው፤ ቁመቱም፣ አናቱ ላይ ያለው ምልክትም። ሁሉም በአንድ ቀን የቆመ ነው። ለአጋንንት ድንበር ሲከለል አላየሁም።

«ይህ ዕጣ የወጣለት መሬት ነው» አልኳት። «ባለቤት ነበረው። ሴት ናት።»

«ሴት መሆኗን በምን አወቅህ?»

«ወንድ ቢሆን ይገድሉትና መቃብሩን ያሳዩ ነበር። ሴት ልጅ ግን አልተወለደችም ትባላለች፤ በዚያው ያልቃል።»

ልጄ ጽፋ ላከችው። በሳምንቱ መልሱ ይጎርፍ ጀመር። ከፊሉ ያሾፋል፤ የሚበዛው ግን ስንት ዓመት ፈልገን ያጣነውን አገኘው ይላል። አንዱ «የጎንደሩ ሽማግሌ» ብሎ ስም አወጣልኝ። አንዷ ደግሞ ሰባተኛዋን ልጅ ዘውድ ደፍታ ረግረጉ ዳር ቆማ ሥላ ላከች። ልጄ በቀለም አትማ ከፎቶ ኮፒው ማሽን በላይ ለጠፈችው። እኔም ለገባ ለወጣው ባለጉዳይ አሳይ ነበር። አልዋሽም፣ ከርስት ዘመን ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከዚያ አንዱ ጥያቄ ላከ። ልጄ አነበበችልኝ፦ «ሰባት ልጆች እንደነበሩ አገሩ ሁሉ እያወቀ፣ አንድ ወንድም እኅቱን አልተወለደችም ብሎ እንዴት ሊያሳምን ይችላል? እዚህ ላይ ሐሳቡ ይደክማል።»

ሐሳቡ ይደክማል ያለው ቃል አበገነኝ። «ጻፊ» አልኳት። «መጀመሪያ የሚያውቋትን ሽማግሌዎች ቤትህ ጠርተህ ታበላለህ። ሁለተኛ፣ ሸንጎ ላይ ቀድመህ አትናገርም፤ እሷ ታልቅስ፣ ትቆጣ፣ ትሳሳት። ሦስተኛ፣ እሷን በክፉ አታነሣም። የምታነሣው እናቷን ነው። እሷንማ እኔም አዝንላታለሁ ትላለህ። ታናሽ ወንድምህን ደግሞ ከጎንህ ታስቀምጠዋለህ፤ ጉልበትህ ጉልበቱን ይንካ። እንዲያ ከሆነ አይናገርም።»

የጽሕፈቷ ድምፅ ቆመ።

«አባዬ፣ የማን ጉልበት ነው?»

መታወቂያ ኮፒ የሚፈልግ ሰው ገባ። ተነሥታ ኮፒውን አድርጋ ሰጠችውና ተመልሳ ተቀመጠች። እኔ ስክሪኑን አያለሁ።

«ያቺ የሳንጃ ባለጉዳይ» አለች ቀስ ብላ።

ነገርኳት። አላለቀሰችም። ሥዕሉን ከግድግዳው አንሥታ አጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

«ላልነበረች ንግሥት ሦስት ቀን ድንበር አዞርከኝ» አለች። «እኅትህ እኮ ሳንጃ ናት። በማኪና ግማሽ ቀን አይሞላም።»

መልሱን አልላከችውም። ጠያቂው እስከ ዛሬ ሐሳቡ ደክሟል እያለ ይሆናል።

ለመሄድ አንድ ወር ፈጀብኝ። በዚያ ወር ልጄ ምሳዬን ታቀርባለች፣ ማመልከቻዬን ትመታለች፣ ከጨዋታው ግን አንዲት መስመር አላነበበችልኝም።

ሳንጃ የደረስኩት ሰሊጥ የሚታጨድበት ወቅት ላይ ነው። ሙቀቱ ደጋ ለኖረ ሰው አይቻልም። ቤቷን ጠይቄ በሩን ሳንኳኳ አንድ ጎልማሳ ወጣ።

«ማን ልበል?»

«አጎትህ ነኝ።»

«እኔ አጎት የለኝም» አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ እውነቱን ነው የተናገረው።

ከውስጥ ሳል ያቋረጠው ድምፅ መጣ። «አስገባው፤ ድምፁን አውቀዋለሁ።»

ልቧን ታማ ተደግፋ ተቀምጣለች። እግሯ አብጧል። የአባቴ ግንባር አላት፤ የማልኩበት ቀን እንደነበረው ነው። ጎረቤት ይጠራልኝ አልኩ። አሥራ አንድ ሰው መጣ፤ ሁለቱ ከኛ አገር የወረዱ ሽማግሌዎች ነበሩ። ቆምኩና ቆጠርኩ። ካቀናው አባት ተነሥቼ ቅርንጫፍ ሳልዘል፣ ትንፋሼ ሳይቆራረጥ ወረድኩ፤ አባቴም እኔን ወለደ፣ እሷን ወለደ፣ ወንድማችንን ወለደ አልኩ። ወንጌል መትቼ የማልኩት በሐሰት ነው አልኩ። በሰባ ዓመቴ አንድ ስም አልሳትኩም።

ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

«ሸጋ አድርገህ ቆጠርኸኝ፣ አያ» አለች። «ስትክደኝም እንዲሁ አምሮብህ ነበር።»

አንደኛው ሽማግሌ «ይቅር በይው» ሊል ሲጀምር በእጇ አስቆመችው።

«አባቴ ሞቶ፣ አንተም ክደኸኝ ሳንጃ ስመለስ፣ አባትሽ ሞተ ብሎ ለቅሶ የደረሰኝ የለም። የምን አባትሽ ይሉኝ ነበር። በጓዳ ብቻዬን ነው ያለቀስኩት። እሱን ከየት ታመጣልኛለህ?»

ምሳ አቀረቡልኝ፤ በላሁ። ልጇ እስከ መናኸሪያ ሸኘኝ።

ክረምቱ ሳይገባ ሞተች። ወሬው የደረሰኝ አርባዋ ካለፈ በኋላ ነው።

እንግዲህ ማድረግ የቻልኩትን ልቁጠር፤ መቁጠር የኔ ሙያ ነውና።

ያለ መምህር ማንበብና መጻፍ ተማርኩ።

አሥራ አራት ትውልድ በቃሌ ያዝኩ፤ ዛሬም አለኝ።

በማላውቀው ቋንቋ የተሠራ ጨዋታ ውስጥ፣ የዓለም ሰው ያላየውን ሰባተኛ ዕጣ አየሁ። የሠሩት ሰዎች እውነት ነው አላሉም፤ ሐሰት ነውም አላሉም።

በሐሰት መማሌን በአሥራ አንድ ሰው ፊት ተናገርኩ።

ወገራ ወጥቼ አባቴ በተቀበረበት ደብር ተዝካሯን አወጣሁ፤ ካህናቱ ስሟን ከአባቴ ስም ጋር ጠሩት። የመጣው ሰው ጥቂት ነበር።

ልጄ እንደገና ልታነብልኝ ጀምራለች፤ ጨዋታውን ሳይሆን ጋዜጣ።

የትውልዱን ቆጠራ እኅቴን አስገብቼ በእጄ ጽፌ ለልጆቿ ላክሁ። የልጅ ልጇ ባለፈው ጥር ስትዳር ሰባት ቤት የቆጠሩት በዚያ ወረቀት ነው አሉ። እኔ ሰርጉ ላይ አልተጠራሁም።