ሰይድን ብቻውን ለማግኘት፦ ከቡሪ እስከ አል-ሳሃፋ

ዓርብ ማለዳ፣ ቡሪ

ጦርነቱ ሳይመጣ በፊት፣ ካርቱም ዓርብ ዓርብ ዘግይታ ነበር የምትነሳው። ፀሐይዋ ግን ዕረፍት አታውቅም፤ ከቤት እንደወጣሁ አናቴን ትጠብሰኝ ጀመር። ሥራዬ ጭንቅላታቸው የተጎዳ ሰዎች፣ ቁስሉ ከዳነ በኋላ፣ ስለሚገጥማቸው የአእምሮ ጤና ችግር ማጥናት ነው፤ ድብርቱን፣ ጭንቀቱን፣ ድንገት የሚገነፍለውን ቁጣ። ያከራየኝ ሱዳናዊ ይህን ስነግረው በሐዘኔታ አየኝ።

"ያ ዙል፣ አንተ ሰው፣ አንተንስ ማን ያጠናሃል?"

ረፋድ፣ ዴም

ሚኒባሱ ውስጥ ጉልበቴ አገጬን እየነካ፣ ረዳቱ "ያላ! ያላ!" እያለ ሌላ ሰው ይጭናል። ዴም ስደርስ፣ ወንድሜን እይልኝ ብላ የጠራችኝ ዘይነባ ፉል ቤቱ በር ላይ ቆማለች። የወሎ ልጅ ናት፤ ሰው ቤት ትሠራለች፤ ዛሬ ዕረፍቷ ነው። ወንድሟ ሰይድ ግንባታ ላይ ሲሠራ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ። ቁስሉ ድኗል። ያ ዝምተኛ ልጅ ግን አብረውት የሚኖሩትን ሁሉ መሳደብ ጀመረ።

"ዶክተር፣ ዛሬ ከአሱር ሶላት በኋላ ተሰብስበው አገር ቤት ሊልኩት ነው። ክፉ ሆነ ይላሉ። ወላሂ ወንድሜ ክፉ አይደለም።"

"ዶክተር አይደለሁም።"

"እሺ ዶክተር" አለችኝ።

ቀትር፣ አል-ሳሃፋ

ረክሻ የሚሏት ባጃጅ ከነሽንኩርት ጆንያዋ ሳሃፋ አደረሰችን። የሰይድ ክፍል በጠያቂ ተጨናንቋል። የኛ ሰው ደግሞ ሕመምተኛ ሊጠይቅ ከመጣ፣ መልሱንም እሱው ነው የሚመልሰው።

"ሰይድ፣ ሰሞኑን ሐዘን ይሰማሃል?" አልኩት።

"አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው!" አሉ ባንድ አፍ።

"እንቅልፍስ?"

"ያንኮራፋል!"

"ተስፋ መቁረጥስ?"

"የት አባቱ!" አሉ የክፍሉ ታላቅ ጋሽ ይማም።

ሰይድ ብድግ አለ። "እናንተ ደንቆሮዎች፣ የጠየቀው እኔን ነው!"

ጋሽ ይማም "አየህልኝ?" በሚል ዓይን አዩኝ።

ውጡልን እንዳልል ነውር ነው። ሕመምተኛውን ትቶ የሚወጣ ጠያቂ አላየሁም። ስለዚህ ሰይድን ይዤ ደጅ የቆመችው ረክሻ ላይ ወጣሁ። ጋሽ ይማም ተከትለው ሊገቡ ታገሉ፤ የሽንኩርቱ ጆንያ አላስገባቸውም። በሕይወቴ ሽንኩርት እንደዚያን ቀን ወድጄ አላውቅም።

"ወዴት?" አለ ሾፌሩ።

"ዝም ብለህ ዙር።"

ሰፈሩን እንዞራለን። ጥግ ላይ ያለችው ሻይ ሻጭ በደረስን ቁጥር "ኬፍ? ተማም?" እያለች ደህንነታችንን ትጠይቃለች፤ እኛም "ተማም!" ብለን እናልፍና ወደ ሐዘናችን እንመለሳለን።

"ስድቡን እኔ ራሴ የምሰማው ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው" አለኝ ሰይድ። "ከዚያ በኀፍረት እንቅልፍ የለም። ትራሴን ነክሼ አለቅሳለሁ፤ እነሱ ያንኮራፋል ይላሉ። አገር ቤት መሄዱን አልጠላም። ግን እናቴ 'ይሄ የኔ ልጅ አይደለም' ብትለኝስ?"

የምጽፍበትን ደብተር አጠፍኩ። ይህ ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ በብዙ ሰው ላይ እንደሚደርስ፣ ክፋት እንዳልሆነ፣ የሚረዳ ሐኪም እንዳለ ነገርኩት።

"እስከ ዛሬ የት ነበርክ፣ ጅል!" አለና አፉን በእጁ ያዘ። ሳቄ አመለጠኝ፤ እሱም ሳቀ።

ከአሱር በኋላ፣ እዚያው

"እኔ ልንገራቸው?" አልኩት በሩ ላይ።

"ራሴ እነግራቸዋለሁ።"

ገባና የተሰበሰቡት ፊት ቆመ። "ጠልቻችሁ አይደለም የምሰድባችሁ። ከወደቅኩ ወዲህ አፌ አይታዘዘኝም። ሐኪም ያስፈልገኛል።"

ጋሽ ይማም ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እግሩ ቢሰበር ኖሮ ተሸክመነው አልነበር? ጭንቅላት ሲሆን ጊዜ አገርህ ግባ አልነው። የትም አይሄድም። ነገ እኔው ሐኪም ቤት እወስደዋለሁ።"

ዘይነባ ግድግዳውን ተደግፋ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

"ምን ያስለቅስሻል፣ አንቺ አህያ!" አለ ሰይድ፤ ወዲያው ፊቱ ዐመድ መሰለ።

ጋሽ ይማም ግን ፍራሹ ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት።

"አህያም ብትሆን እህትህ ናት። ና ተቀመጥና ብላ።"