ቆረቆር የያዘኝ ክረምት

ልጅ ሳለሁ፣ ጣሊያን አገራችንን በያዘበት ዘመን፣ ተረት የምሰማው ራሴን እያከክሁ ነበር። የምንኖረው ከአምባ ጊዮርጊስ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር ነው። አባቴ ጠመንጃውን ይዞ በረሃ ከወረደ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ለጣሊያን ባንዳ ሆኖ ያደረ አንድ ያገራችን ሰውም በየሳምንቱ እየመጣ፣ ጎተራው ሳይቀር እየበረበረ፣ ባልሽ የት ነው እያለ እናቴን ያስጨንቃት ነበር። ቤት ውስጥ ያለነው እናቴ፣ እኔና የእናቴ አጎት አያ ደስታ ብቻ ነን። አያ ደስታ ቤታቸው ስለተቃጠለባቸው እኛ ዘንድ የተጠጉ ሽማግሌ ነበሩ። አመሻሽ ላይ፣ የወይራው ፍም ሲቀላና ኩራዙ ጥቀርሻውን ሲተፋ፣ እግራቸውን ወደ ምድጃው ዘርግተው ተረት ይጀምራሉ፤ እኔም ከጎናቸው ተቀምጬ ጆሮዬን ለተረቱ፣ አሥር ጣቴን ለራሴ ሰጥቼ አዳምጥ ነበር።

ያኔ የመንደሩ ልጃገረዶች ቅዳሜ ቅዳሜ አንዲት ጎረቤታችን ደጃፍ ተሰብስበን ሹሩባ እንሠራ ነበር። የምናበጥርበት ሚዶ አንድ ነው፤ ከአንዷ ራስ ወደ ሌላዋ ይዞራል፤ የኔን አትንኪ የምትል ብትኖር ኩሩ ተብላ ስሟ በጠፋ ነበር። መጀመሪያ ያሳከከኝ ከጆሮዬ ከፍ ብሎ ነው። ቅማል ይሆናል ተብሎ ተፈለገ፤ ቅጫም እንኳ አልተገኘም። ቀጥሎ ነጭ ቅርፊት መጣ፤ እናቴም ደርቆባት ነው ብላ ቅቤ ቀባችኝ። ባሰብኝ እንጂ አልተሻለኝም፤ ጧት ስነሳ የገዛ ጠጉሬን በጥፍሬ ውስጥ አገኘው ጀመር። ሐምሌ ላይ ጠገራ ብር የሚያህል በራ ወጣልኝ፤ ነሐሴ ሲገባ መዳፍ አከለ። ጎረቤቶቻችን የሰው ዐይን ነው አሉ።

አያ ደስታ ኩራዙን አስጠግተው አዩኝና «ምን ዐይን ነው፣ ቆረቆር ነው እንጂ» አሉ። «ያመጣባት ሚዶው ነው። ይላጭ፣ በእንዶድ ይታጠብ። እንዲህ ስትቦጭቀው ከከረመች ሥሩ ይሞትና መላጣ ሆና ትቀራለች። አንቺም ተላጪ፤ አንድ አጎዛ ላይ እየተኛችሁ፣ ስታኪ አይቼሻለሁ።»

እናቴ መላጨት የሚለውን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ። በኛ አገር ሴት ጠጉሯን የምትላጨው ስታዝን ነው፤ ባሏ ሲሞት፣ አባቷ ሲሞት። እኔም ብሆን የሕፃንነት ቁንጮዬ ቀርቶ ጠጉሬ ከተለቀቀ የቆየሁ ልጃገረድ ነበርሁ። «ምነው አያ ደስታ፣ ሰውየው በሕይወት እያለ በገዛ እጄ ላሟርትበት?» አለች። አያ ደስታም አልተከራከሯትም።

ከጥቂት ቀን በኋላ አንድ ምሽት፣ የጣራው ሣር ትል ስለገባበት ሰው አወሩልን። ሚስቱ ክዳኑን እናንሳው ስትለው፣ ጣራው የተገፈፈ ቤት ባለቤቱ የሞተበት ይመስላል፣ ጠላት ደስ ይለዋል እያለ እንቢ ይላል። ትሉ ሣሩን ጨርሶ ወደ ማገሩ፣ ከማገሩ ወደ ምሰሶው ወረደና አንድ ቀን ቤቱ ሰውየው ላይ ተደረመሰ። ሊቀብሩት የመጡት ሰዎች ዞር ብለው ቢያዩ፣ ከጓሮው በዚያው ክረምት የበቀለው ሣር ወገብ ደርሶ ቆሟል።

እናቴ እሳቱን ቆሰቆሰች። «ተረቱ ለኔ ነው፤ ገብቶኛል» አለች።

«ለሣሩ ነው» አሉ አያ ደስታ።

በማግስቱ ጓሮ አስቀምጠው ሁለታችንንም ላጩን። ምላጩ ዶልዱሞ ነበርና ጩኸቴን ለቀቅሁት፤ እናቴ ግን ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች ለአባቴ ትጸልይ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ምንጭ ወርዳ እንሥራዋን ስታነሳ ነጠላዋ ከራሷ ላይ ሸርተት አለ፤ አንዲት ሴት አየቻት። እናቴ ቤት ሳትደርስ ዋይታው ቀድሟት ደረሰ። «ምነው እህቴ፣ መርዶ ሰምተሽ ብቻሽን?» እያሉ አገሩ ሁሉ ግቢያችንን ሞላው። «አልሞተም! ቆረቆር ነው!» ብትል ማን ይስማት፤ የሰሙትም ሐዘኑ አእምሮዋን ነክቶት ነው ብለው ይበልጥ አለቀሱ። በዚህ መሀል ያ ባንዳ ለቅሶውን ሰምቶ ሁለት ወታደር አስከትሎ ደጃፉ ላይ ቆመ።

አያ ደስታ ወደ እናቴ ጠጋ ብለው «አልቅሺ» አሏት በጆሮዋ። ቀሚሷን ይዤ ስለነበር ሰማሁ። እናቴ የተመለከተቻቸውን አመለካከት እስከ ዛሬ አልረሳውም፤ በምላጭ ለማድረግ የፈራችውን በአንደበቷ አድርጊው ማለታቸው ነበርና። ደረቷን መታች፤ አለቀሰች። ሞፈር ቀንበር ተሸክሞ ሲገባ ከስንቁ ቆሎ ለሷ ከፍሎ በጋቢው ጫፍ ቋጥሮ የሚያመጣላት መሆኑን፣ እኔ ስወለድ ሴት ናት ሲሉት ለወንድ የሚተኮሰውን መተኮሱን፣ አንድም ቀን ተቆጥቷት እንዳላደረ እያነሳች አለቀሰችው። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የሁለት ዓመቱ ሁሉ ያን ቀን ወጣ። ባንዳው ባርኔጣውን አውልቆ «እግዜር ያጥናችሁ» አለና ሄደ። ከዚያ ወዲህ ቤታችንን የበረበረ የለም። ጎረቤቶቻችን እውነቱን ቆይተው ቢያውቁም አፋቸውን ዘጉ፤ አባቴም ሁለት ጊዜ በጓሮ በኩል መጥቶ ከኛ ጋር እራቱን በላ።

ጣሊያን ሲወጣ ለሁልጊዜው ተመለሰ። ጎረቤቶቻችን ያን ለቅሶ ቃል በቃል አወሩለት። አባቴ አንገቱን ደፍቶ ሰማ፤ እናቴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ወደ ውጭ ሮጠች። ፊት ለፊት ደፍራ የማትነግረውን ሁሉ፣ ሌላው ሰው ሞቶ ሲለቀስለት የማይሰማውን፣ እሱ በሕይወቱ ሰማው።

ጠጉሬም ተመለሰ፤ ከጆሮዬ በላይ ጥፍር የምታህል ቦታ ብቻ ቀረች። ካደግሁ በኋላ ጎንደር ላይ ያየኝ ሐኪም፣ ፈንገስ እንደሆነ፣ በማበጠሪያ እንደሚተላለፍ፣ ሲከርም የጠጉርን ሥር እንደሚገድል፣ መላጨት ብቻውንም እንደማያድነው፣ የሚዋጥ መድኃኒት እንዳለው ነገረኝ። በቶሎ ስለተደረሰልሽ እድለኛ ነሽ አለኝ። የደረሱልኝ አያ ደስታ ናቸው፤ አባቴንም ያተረፉልኝ እሳቸው ናቸው። እሳቸው ግን ጣሊያን ሳይወጣ ዐረፉ። አንድ ቀን እንኳ እግዜር ይስጥልኝ አላልኋቸውም፤ ያኔ ልጅ ነበርሁና፣ ምላጩ ስላመመኝ አኩርፌያቸው ነበር።