በጾም የላስሁት ቅቤ

ልጅ ሳለሁ ሳቅ ያመኝ ነበር። ኅዳር ገብቶ የስንዴው አጨዳ ሲጀመር፣ ከአርብ ገበያ በላይ ባለው ሜዳ የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ ከንፈሬን እንደ ባሕር ዛፍ ቅርፊት ይልጠዋል። ገና ፈገግ ከማለቴ መሐሉ ተሰንጥቆ ይደማል። እኔ ደግሞ ሲበዛ ሳቂታ ነበርሁ።

ይባስ ብሎ ማታ ማታ የምንሰበሰበው እማሆይ ጥሩወርቅ ቤት ነው። እማሆይ የአያቴ እኅት ናቸው፤ ከመነኮሱ ወዲህ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ይሠሩ ነበር። ሰሙን በፍሙ ዳር እያለሰለሱ፣ በፈትሉ ላይ በመዳፋቸው እያሹ፣ ዐይናቸውን ከሥራቸው ሳያነሡ ተረት ይነግሩናል። ያኔ የሰሙ ሽታ፣ የኩራዙ ጭስና የጎረቤት ልጆች ሳቅ ተደባልቆ ቤቱን ሲሞላው፣ እኔ ብቻ ከንፈሬን በሁለት ጣቶቼ ጨብጬ እንባዬ እስኪመጣ በአፍንጫዬ እስቅ ነበር። እማሆይ ይህን ሲያዩ ተረቱን የባሰ ያሳምሩታል እንጂ አይራሩልኝም።

ዘጠኝ ዓመት የሞላኝ ጊዜ ጾመ ነቢያትን እንደ ትልቅ ሰው ልጾም ተነሣሁ። ገና ሲደርስ እንደ ሕፃን ታዝዬ ሳይሆን፣ ጾሜ፣ በእግሬ ሄጄ ልቆርብ ነው። ይህን ለመንደሩ ሁሉ ነግሬያለሁ፤ ለበጎቹም ሳልነግራቸው አልቀረሁም።

ከንፈሬ ግን አላስቀምጥ አለኝ። አንድ ቀን እናቴ ለገና ያስቀመጠችውን የቅቤ ቅል ከፍቼ በጣቴ ጫፍ ተቀባሁ። ወዲያው ለዘብ አለልኝ። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ምላሴ ወጣ ብላ ከንፈሬን ዞራ ገባች። ጣፈጠኝ። ደግሜ ተቀባሁ።

የዚያን ዕለት ማታ እማሆይ አገጬን ይዘው በኩራዙ ብርሃን አዩኝ። ስለ ቅቤው የሚያውቁት ነገር የለም። «ይሄን ከንፈርሽን ትልሺዋለሽ፣ አይደል?» አሉኝና መልሴን ሳይጠብቁ ተረታቸውን ጀመሩ።

ከንፈርና ምላስ ጎረቤታሞች ነበሩ አሉ። ከንፈር በጠማት ቁጥር ደጓ ምላስ ከቤቷ ወጥታ ውኃ ታጠጣታለች። ከአፍንጫ ገደል ሥር የተደበቀው ነፋስ ግን፣ ምላስ ዘወር ስትል ይመጣና ያንን ውኃ ጠጥቶ፣ ከንፈር በእንስራዋ የነበራትንም ይጨልጥባታል። በመጨረሻ ከንፈር፣ «እኅቴ፣ ደግነትሽ ፈጀኝ፤ እባክሽ ገብተሽ ደጅሽን ዝጊ» አለቻት።

ልጆቹ ሳቁ። እኔ አለቀስሁ። «ምላሴ ጾሜን አስፈታችኝ» ብዬ ያደረግሁትን ሁሉ ዘረገፍሁት። እማሆይ አልተቆጡም። ከሰሙ ቆንጥረው ከኑግ ዘይት ጋር በፍሙ ላይ አቀለጡና፣ ሲበርድ ከንፈሬን ቀቡኝ። «ነፋስ ሲሆን በነጠላሽ ተሸፈኚ፣ ውኃም ጠጪ። የቀረውን ለንስሐ አባትሽ ንገሪ» አሉኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ንስሐ አባታችን ቀረብሁ። በቃ መቁረቡ ቀረብኝ ብያለሁ። የሆነውን ነገርኋቸው።

«መጀመሪያ የተቀባሽው ለምን ነበር?» አሉኝ።

«አሞኝ።»

«እሱስ መድኃኒት ነው። ሁለተኛውስ?»

መዋሸት እችል ነበር። «ልላሰው ብዬ» አልኋቸው።

ጋቢያቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ግን አየሁ። ቆይተው፣ «ለመጀመሪያው ምንም የለብሽም። ለሁለተኛው ሰባት ስግደት። ጾምሽን ቀጥዪ፤ ገና ላይ እጠብቅሻለሁ» አሉኝ። ሰባቱንም እዚያው ቅጥር ግቢ ውስጥ ጮክ ብዬ እየቆጠርሁ ሰገድሁ።

ገና ዕለት ቆርቤ፣ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ስወጣ፣ ከነጠላው ሥር ጥርሴ አልከደን አለ። ከንፈሬም አልተሰነጠቀም። እንደዚያ ቀን ደስ ያለኝ ቀን ጥቂት ነው።

ዛሬ ደብረ ታቦር መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። ኅዳር ሲገባ የከንፈር ቅባት ፈላጊው ይበዛል፤ አትላሱት፣ ውኃ ጠጡ፣ ካልዳነ ሐኪም ይየው እላለሁ። አንዳንድ እናቶች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ ጾም ነው፤ ቅቤ የለበትም?» ይሉኛል። አልስቅባቸውም፤ ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን አነብላቸዋለሁ።

ለእኔ ከሁሉም የቀረልኝ የንስሐ አባታችን ጥያቄ ነው። አንድ ነገር አምሮኝ እጄን ስዘረጋ፣ ለመዳን ነው ወይስ ለመላስ እላለሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው፤ ስግደቴም እስከ ዛሬ አላለቀም።