ለቧንቧው የታዘዘ ዱአ

ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ሲይዙኝ የቅየሳ ዘንጉ በእጄ ነበር። አንደኛው ፖሊስ «ዱላህን ጣል» አለኝ። ዱላ እንዳልሆነ ላስረዳው አሰብኩና ተውኩት። ጥፋቴ የሚያሻማ አልነበረም። ስብሰባ መካከል ተነስቼ «የውሃው መስመር ገና ሸለቆውን አልተሻገረም፤ ሐረር አልደረሰም» ብዬ ነበር።

አለቃዬ ይህን ከእኔ የበለጠ ያውቃል። ግን ከውጭ አገር ገንዘብ ያበደሩን ሰዎች ሊጎበኙ ይመጣሉ፤ ውሃ ሲወርድ፣ ሕዝብም ሲመርቅ ካዩ ቀሪውን ብድር ይለቃሉ። ለዚያች ቀን ከቧንቧው ጀርባ አንድ ትልቅ በርሜል ተሸሽጎ በቦቴ ውሃ ሊሞላ ታስቧል። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚለውን እየሰማሁ አድጌ አፌን ከፈትኩ።

የእስር ቤቱ በር ሲከፈት የሽንቱ ባልዲ ጠረን ዓይኔን አስነባኝ። ከጥጉ አንድ ሽማግሌ ሰሌናቸውን ሳብ አድርገው ቦታ ለቀቁልኝ።

«ና ልጄ፣ እዚህ ቁጭ በል። ግድግዳውን አትደገፈው፣ እርጥብ ነው። እኔን የጎዳኝ እሱ ነው።»

ከሐረር ወጣ ብሎ ያለው የሶፊ ገጠር ሼህ ናቸው። የሶፊ ገበሬ የቧንቧውን ቦይ በነፃ ቆፍሯል፤ ጫቱንና ፍየሉን ሸጦ «የሕዝብ ድርሻ» የተባለውንም ከፍሏል። ድርሻው እንደገና ሲጠየቅ ሼሁ «መጀመሪያ ውሃውን እንየው» አሉ። ሕዝብ አሳምፀዋል ተባሉ። ሲያስሉ ደረታቸው እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል። ያንን ክረምት እዚያ ክፍል ውስጥ ከከረሙ እንደማይተርፉ ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ እሳቸውም ያውቁ ነበር።

በምረቃው ዋዜማ ጠዋት የእስር ቤቱ አዛዥ፣ ሻምበሉ፣ ሁለታችንንም ቢሮው አስጠራን። ጠረጴዛው ላይ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ እርጥብ ጫት ተቀምጧል። ሻምበሉ ላገሩ እንግዳ ነው፤ ሽማግሌዎች ዱአ ሲያደርጉ ጫት ፊታቸው እንደሚቀመጥ አይቶ፣ ጫቱ ከመጣ ዱአውም የሚመጣ መስሎታል።

«ሼህ፣ ሕዝቡ እርስዎ ካልመረቁት ቧንቧውን አያምነውም» አላቸው። «ነገ ይመርቁልንና ከዚያው ወደ ቤትዎ ይሂዱ። እስቲ አሁን እዚሁ ያድርጉት፣ ልስማው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አንተ ኦሮምኛውን ትተረጉምልኛለህ። ደህና አድርገህ ከተረጎምክ አንተም ትወጣለህ» አለኝ።

እንዲመርቁ ፈልጌ ነበር። ስለ እኔ ብቻ አይደለም፤ ሌሊት ሌሊት ሳላቸውን መስማት አቅቶኝ ነበር። ወደ ጆሯቸው ጠጋ አልኩና «ሼህ፣ ይመርቁና ይውጡ። አላህ ያውቅልዎታል» አልኳቸው።

«ልጄ፣ በዱአ ይዋሻል እንዴ?» አሉኝ። ተቆጥተው አይደለም፤ በእርግጥ የጠየቁኝ ነው የሚመስለው።

እጃቸውን ዘረጉ። በእኛ አገር ትልቅ ሰው እጁን ሲዘረጋ የተቀመጠው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ይቀበላል፤ አሚን የሚል ያጣ ዱአ ሜዳ ላይ እንደቀረ ይቆጠራል።

«ያ ረቢ» አሉ በኦሮምኛ፣ «ለውሃ የተሰጠውን ውሃ አድርገው። ቦዩን የቆፈሩትን አጠጣቸው። መንገድ ላይ ላስቀሩት ልብ ስጣቸው። ይህን ቧንቧ ግን፣ ውሃው በራሱ መንገድ እስኪመጣ፣ አልመርቀውም።»

«ምን አሉ?» አለ ሻምበሉ።

«መረቁ» ብል ማንም አይመሰክርብኝም ነበር። ኦሮምኛ የሚያውቀው በሩ ላይ የቆመው፣ እዚሁ አጠገብ ካለው ከድሬ ጠያራ የመጣው ዘበኛ ብቻ ነው፤ እሱም ጫማውን ያያል። አንድም ቃል ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ ተረጎምኩ።

የሼሁ እጅ አሁንም እንደተዘረጋ ነው፤ ይጠብቃል። ዘበኛው ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፣ ድምፅ ግን አልወጣውም። እኔ ማተቤ ባንገቴ እየታየ ሁለት እጄን ዘረጋሁና «አሜን» አልኩ። ያኔ ሼሁ እጃቸውን ፊታቸው ላይ አሳረፉ።

ሻምበሉ አልጮኸም። «መልሷቸው» አለ ብቻ። ጫቱን ዘበኛው አምጥቶ በበሩ ስር አሾለከልን፤ ሼሁ ለሌሎቹ አካፈሉት፣ እሳቸው አልቀመሱም።

በማግስቱ የማርሽ ባንዱን ከክፍላችን ሆነን ሰማነው። ቧንቧው ያለ ሼሁ ተመረቀ። ዘበኛው እንደነገረን የበርሜሉ ውሃ ሲያልቅ እንግዶቹ ምሳ ላይ ነበሩ። ብድሩም ተለቀቀ። ሼሁ ክረምቱ ሳይጋመስ ሞቱ፤ ሬሳቸውን የሶፊ ሰዎች ተሸክመው ወሰዱ። እኔ ጥቢ ላይ ተፈታሁ።

ዛሬ አርጅቻለሁ። ስለ አገር ዕዳ በሬዲዮ ሲወራ እሰማለሁ፤ ያንን ብድር ማን እንደከፈለው አላውቅም። ሼሁ ለወዲያኛው ዓለማቸው አሰቡ እያልኩ፣ ምናለ አንዴ ዋሽተው ቢኖሩ እያልኩ፣ ከራሴ ጋር ስሟገት የኖርኩት ግን ስለ ዕዳው አይደለም።

እንደተፈታሁ ሶፊ ለቅሶ ሄጄ ነበር። ሚስታቸው ከምንጭ የተቀዳ ውሃ በቅል ሰጡኝና እስክጠጣ ጠበቁኝ።

«ያ ቧንቧ ውሃ አመጣ?» አሉኝ።

«አላመጣም፣ እናቴ።»

ቅሉን ከእጄ ተቀበሉ። «እንግዲያ ሳይዋሹ ሄዱ» አሉ፤ ያን ጊዜ ነው ማልቀስ የጀመሩት።