ስኳር የሌለበት ጡጦ

«ሳትወልጂ ስለ ልጅ ጥርስ አታስተምሪኝ!»

የወንድሜ ሚስት ናት እንዲህ ያለችኝ፤ ያውም ጡጦውን ፊቴ ላይ እያወዛወዘች። ጠዋት ነው፣ ቢሮ ልትገባ አንድ እግሯን ብቻ ጫማ አድርጋለች። የእኔም አፍ አያርፍ፤ «ሳልወልድ አስተኛታለሁ፣ ሳልወልድ አጥባታለሁ፤ ጥርሷን ማየት ብቻ ነው የተከለከለው?» አልኳት።

እኛ ቤት ጠብ በአማርኛ ነው። እኔ ያደግኩት በሀዲይኛ ነው፤ እሷ የአንጋጫ ልጅ ናት፣ በከምባትኛ ከጀመረች አልደርስባትም። ስለዚህ ስንፋቀርም ስንሰዳደብም መሃል ላይ በአማርኛ እንገናኛለን። ወንድሜ ፎንቆ ከተማ ያስተምራል፣ የሚመጣው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር እነሱ ጋር ገባሁ። ልጃቸውን እይዛለሁ።

ልጅቷ ሁለት ዓመት አልፏታል። የላይኛው የፊት ጥርሶቿ መጀመሪያ ድዷ ሥር ነጭ መስመር አወጡ፣ ኖራ የተቀባ ይመስል። መስመሩ ቆይቶ ቡናማ ሆነ። ከዚያ ጥርሶቹ ከጫፋቸው ይሸረፉ ጀመር። በዚያ ሳምንት ዳቦ ብሰጣት ነከሰችና ጣለችው፤ በሁለት እጇ አፏን ይዛ አየችኝ። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ክሊኒክ ልውሰዳት አልኩ። ጠቡ የተነሣው ከዚህ ነው።

«የወተት ጥርስ እኮ ነው፣ ይወልቃል!»

«እስኪወልቅ በምን ትብላ?»

«ደግሞ ከረሜላ አልሰጣት፣ ስኳር አልሰጣት። ቡላ ነው የምሰጣት፣ ቡላ!»

ክፋቱ እሱ ነው። እኛ አገር ስለ ቡላ ክፉ አይወራም። እግሩ የተሰበረ ቡላ ይጠጣል፣ የወለደች ቡላ ትጠጣለች፤ አጥንት ይጠግናል ይባላል። አጥንት የጠገነ ጥርስ ምን ያደርጋል? የእሷ ቡላ ደግሞ ከገበያ የተገዛ አይደለም። እናቷ ራሳቸው እንሰቱን ፍቀው፣ ጨምቀው፣ ነጩን ለይተው በቅጠል ጠቅልለው ከአንጋጫ ይልካሉ። እሱ በወተት አጥሚት ይሆንና ጡጦ ውስጥ ይገባል። ልጅቷ ጡጦውን አፏ ውስጥ እንደያዘች ይወስዳታል እንቅልፍ። ቡላው ነው ጥርሷን የጎዳው ማለት፣ እናትሽ ናቸው ማለት ነው። እኔ ደግሞ አልኩት።

ያልኩትም ከሜዳ ተነሥቼ አይደለም። አሥረኛ ክፍል የባዮሎጂ መምህራችን ላቦራቶሪ ስለሌለን ዳቦ ይዞ መጣ። ለእያንዳንዳችን ቁራሽ ሰጠንና «አኝኩ፣ እንዳትውጡ» አለን። ግማሹ ክፍል ቁርስ ስላልበላ ወዲያው ዋጠው። እኔ እልኸኛ ስለሆንኩ ያዝኩት። መጀመሪያ ዳቦ ዳቦ አለኝ፣ ቆይቶ ጣፈጠኝ። «ስኳር ማን ጨመረበት?» አለን መምህሩ። ማንም አልጨመረም። ምራቃችን ውስጥ ኢንዛይም የሚባል ነገር አለ፤ ዳቦውን እየቆራረጠ ስኳር ያደርገዋል።

ያን ጊዜ ደስ አለኝ እንጂ አላሰብኩበትም። ያሰብኩት አምና መንጋጋዬን ሲነቅሉልኝ ነው። ሐኪሙን «እኔ ከረሜላ አልወድም፣ ጥርሴ ለምን ተበላ?» ብዬ አፋጠጥኩት። ቆሎና ዳቦ ጥርስሽ መሃል ይቀራል አለኝ። ምራቅሽ ስኳር ያደርገዋል። ጥርስሽ ላይ የተለጠፉት ባክቴሪያዎች የራሳቸው ኢንዛይም አላቸው፤ በእሱ ስኳሩን አሲድ ያደርጉታል። የጥርሱን ልባስ የሚያሟሟው አሲዱ ነው። ሰው ጥርሴን ትል በላው ይላል፤ ትል የለም። የሚገርመኝ ደግሞ ኢንዛይሙ ራሱ አያልቅም። አንዱን ቆርጦ ወደሚቀጥለው ይሄዳል፣ ክፋትም ደግነትም የለውም። ሥራ ካገኘ ይሠራል፣ በቃ። ያለ እሱ ደግሞ የበላነው አይፈጭም። ልጠላው ፈልጌ እንዴት እንደምጠላው ጠፋኝ።

ይህን ሁሉ በአንድ እግር ጫማ ለቆመች ሴት እንዴት ትነግሪያለሽ? ድስቱ ውስጥ የተረፈ፣ ወተት ያልገባበት የቡላ ገንፎ ነበር። በማንኪያ አወጣሁላትና «ያዢው፣ እንዳትውጪ» አልኳት።

«አበድሽ? ቢሮ ረፍዶብኛል!»

«አፍሽን ስትዘጊ እኔም ላርፍ ነው፣ ያዢው።»

ያዘችው። በዓይኗ በሩን እያየች፣ በጉንጯ እያላወሰች ቆመች። ቆይቼ «ጣፈጠሽ?» አልኳት።

ዋጠችና ፊቷ በራ። «ድሮስ! የእናቴ ቡላ ነው!»

ሳቄ መጣ፣ ንዴቴም መጣ። «እንደገና ቅመሺው። አሁን ግን ወዲያው ዋጪ።»

ቀምሳ ወዲያው ዋጠች፤ አሁን አልጣፈጣትም። ቡላ አፍ ሲገባ ትንሽ ኮምጠጥ ይላል እንጂ አይጣፍጥም፤ ከእኔ በላይ ታውቃለች። ማንኪያውን አስቀመጠች።

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ ምራቋን ላድርቅባት?»

«ምራቋ አልበደለም። ቀን ቀን ጥርሷን የሚያጥብላትም እሱ ነው። ስትተኛ ግን ይደርቃል፤ ቡላሽና ወተቱ ጥርሷ ላይ ያድራሉ።»

«ቡላሽ አትበይ!»

«ቀን በማንኪያ ትብላው፣ ማን ከለከለሽ? ክሊኒኩ ግን ዛሬ ነው።»

«ወንድምሽ ቅዳሜ ይምጣና…»

«ወንድሜ ነው ጥርሱን የሚያመው?»

ልጅቷ ተነሥታ ዓይኗን እያሸች መጣችና የእናቷን ባዶ እግር አቀፈች። የወንድሜ ሚስት ጎንበስ ብላ የልጅቷን ከንፈር በአውራ ጣቷ ቀስ ብላ ገለጠች። እስከዚያ ቀን ደፍራ ስታይ አላየኋትም። ልጅቷ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ አሸሸች።

«ሐኪሙ እናቷ ምን ዓይነት ናት ቢልሽስ?» አለችኝ ቀና ሳትል። ድምፅዋ የጠብ አልነበረም።

«ቢሮ ናት እለዋለሁ።»

«ዶክተሯ! ለሁሉም መልስ አላት።» ተነሣችና ጡጦውን ወስዳ በፈላ ውኃ አጠበችው፣ ጡቱን ገልብጣ በጣቷ እየፈተገች። ልጅቷን አዝዬ ነጠላውን ደረቴ ላይ ስቋጥር እሷ ጡጦውን ሞልታ ክዳኑን ታጠብቃለች።

«የእናቴን ስም እዚያ እንዳታነሺ።»

«አላነሣም።»

«ካለቀሰች ይህን ስጫት።»

ተቀበልኳትና ወደ ብርሃኑ አነሣሁት። ውስጡ ውኃ ብቻ ነበር። የሁለተኛ እግሯን ጫማ ከአልጋው ሥር በእግሬ ገፋ አድርጌላት፣ ልጅቷን ጀርባዬ ላይ አስተካክዬ ወጣሁ።